የተሸጠው ሰማይ

ሰው ከሰው ጋር ቢጣላ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል። ከፎቅ ጋር የተጣላን ሰው ግን ማን ያስታርቀዋል? አንድ ልብስ ሰፊ አዛውንት ከሱቃቸው ፊት ለፊት ከቆመው የመስታወት ፎቅ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ፎቁ ኩርፊያውን አያውቅም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩትና «አለህ? እኔም አለሁ» ይሉታል። እንዴት አደሩ ለሚላቸው ሰው ሁሉ «ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ምን ማደር አለ» እያሉ ስለሚመልሱ ሰፈርተኛው አባ ጥላ የሚል ስም አወጣላቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ግን ደንበኛው «የአባ ጥላ ሱቅ የቱ ነው?» እያለ ሲመጣ፣ ገበያ የሚያመጣ ስም አይጠላም ብለው ተቀበሉት።

ለነገሩ ቅሬታቸው እውነት ነበረው። ፎቁ ሳይሠራ በፊት የጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ እስከ ስፌት መኪናቸው ትደርስ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ያለ መብራት ይሰፉ ነበር። አሁን አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ይበራል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ይህ የሳቸው ብቻ ቢሆን በቻሉት። ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩባት አንዲት ክፍል አለች። ግድግዳዋ ክረምት ከበጋ ያልበዋል፣ ማዕዘኖቿ ሻግተዋል፣ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅባትም። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ተኝታ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ሽሮፕ መስጠት ሲሰለቸው፣ «አባቴ፣ ይቺን ልጅ ከኔ መድኃኒት ይልቅ የሚያድናት ደረቅ ግድግዳና ፀሐይ ነው። እዚያው ክፍል ከከረመች ደረቷ አይሆን ሆኖ ይቀራል» አላቸው። ይህን ከሰሙ ወዲህ አባ ጥላ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ታዲያ ከተማው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ያሠራው ሕንፃ አልቆ ዕጣ ሲወጣ፣ የአባ ጥላ ቤተሰብ ደረሰው። ልጃቸው የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። ወሬውን ስትሰማ እጇን ከሳሙናው ሳታለቀልቅ እየሮጠች መጣች። ደስታው ግን አንድ ምሽት እንኳ አላደረም። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው፣ ከጫማ ይልቅ ወሬ መስፋት የሚቀናው ሰውዬ፣ «ያ ሕንፃ እኮ የቆመው በባለ ፎቁ ገንዘብ ነው፤ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለ። አባ ጥላ መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ፀሐዬን የወሰደ ሰውዬ በሰጠው ገንዘብ በተሠራ ጣራ ሥር በቁሜ አልገባም» ብለው በሰው ፊት ማሉ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቤቱ የተመዘገበው በሳቸው ስም ስለሆነ እሳቸው ካልፈረሙ ልጃቸው ብትፈርም አይሠራም። ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻም ዝም አለች። የታሪካችን ቀን የመፈረሚያው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ማታ ቢሮው ሳይዘጋ ያልተፈረመበት ቤት ለተጠባባቂ ያልፋል። ያን ዕለት ጠዋት ልጃቸው ለሥራ ስትወጣ «ደህና ዋል አባዬ» አላለቻቸውም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ሆና አታውቅም። አባ ጥላ መኪናቸውን እየረገጡ ቢውሉም ልባቸው ስፌቱ ላይ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋ በሲሚንቶ አቧራ ነጥቷል፤ የኮቷ ጎን ከነገበሩ ተተርትሯል።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ይህችን ኮት አሁኑኑ ሊሰፉልኝ ይችላሉ? ተቸኩያለሁ።»

«ያልተቸኮለ ሰው መቼ መጥቶ ያውቃል። ግቢና ተቀመጪ፤ አናቴ ላይ ከቆምሽ መርፌው ይስታል።» ኮቱን ተቀብለው ወደ አምፖሉ አስጠጉት። «ይሄ የሚስማር ሥራ አይደለም። ሽቦ ነው የያዘሽ።»

«ፌሮ ነው። ገና እየተሠራ ያለ ሕንፃ ላይ ነበርኩ።»

«ሴት ልጅ ፌሮ መሐል ምን ትሠራለች?»

«ወንድ ልጅ የሚሠራውን» አለችና ሳቀች። መልሷ ደስ አላቸው። መሐንዲስ መሆኗን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ገበሩን መፍታት ጀመሩ።

ወጣቷ ስትጠብቅ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት የትምህርት ቤት ቦርሳዎች ሄደ። አንዱ ፊቱ ሱፍ ነው፣ ጀርባው መጋረጃ፣ ማንጠልጠያው የወታደር ካኪ። ሌላው ከአምስት ዓይነት ጨርቅ ተገጣጥሞ አንድ ሆኗል። ስፌቱ ያምራል።

«እነዚህ ስንት ናቸው አባባ?»

«አይሸጡም። ትምህርት ሲከፈት ቦርሳ የሌለው ልጅ መጥቶ ይወስዳል።»

«ጨርቁን ማን ይሰጥዎታል?»

«ማንም።» ይህን ጥያቄ ይወዱታል፤ ቀና አሉ። «እዚህ ቤት ደንብ አለ። በሬ ላይ ተጽፏል፣ ስትገቢ አላየሽው ይሆናል። ከሚቆረጥ ጨርቅ የተረፈው ቁራጭ እዚሁ ይቀራል። ያልተስማማው ሌላ ጋ ያሰፋል። አንድ ጊዜ አንዲት እመቤት ውድ ሱፍ አሰፋች። ከሱፏ ቁራጭ የተሠራ ቦርሳ ያዘለ ልጅ መንገድ ላይ አገኘችና ተመልሳ መጣች። ‹ይሄ ልጅ ቤቴ መጥቶ ያመስግነኝ› አትለኝ መሰለሽ!»

«ምን አሏት?»

«‹እሜቴ፣ ኮቱ የርስዎ ነው። ቁራጩን ግን እርስዎ አልሰጡም፤ ደንቡ ነው ያስቀረው። ይህ ልጅ የማንም ባለውለታ አይደለም› አልኳት። ተናዳ ወጣች። በዓመቱ ግን ተመልሳ አሰፋች፤ እጄን የት ታገኘዋለች?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚመጣና የማያባራ ነው። ወጣቷ ፊቷ ተለወጠ።

«ማናት?»

«የልጅ ልጄ ናት። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ግድግዳው ነው እንዲህ ያደረጋት።»

ወጣቷ በመጋረጃው ክፍተት አሻግራ ላብ ያቸፈፈውን ግድግዳ አየች። «አባባ፣ ታዲያ ለቤት አልተመዘገባችሁም? እኔ የከተማው የቤት ፈንድ ሠራተኛ ነኝ። እዚህ አጠገብ ባለው ሕንፃ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ቁልፍ እያስረከብን ነው። ለሚቀጥለው ዙር እኔው ራሴ ላስመዝግብዎት።»

የአባ ጥላ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። «ደርሶናል» አሉ። «አንወስደውም።»

ወጣቷ ቤት አጥቶ የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይታለች። ደርሶት የማይወስድ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም።

«ለምን? ክፍሎቹ ጠበቡ?»

«ክፍሉን አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም። የማን ገንዘብ እንደሆነ አውቃለሁ።» በመቀሳቸው ጫፍ በበሩ በኩል ወደ ፎቁ ጠቆሙ። «የሱ ነው። መጀመሪያ ብርሃኔን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ምጽዋት ይሰጠኛል። አላደርገውም ልጄ። ድሃ ነኝ፤ ለማኝ ግን አይደለሁም።»

መሐንዲሷ ፊታቸውን አየች። ያ ፊት የተማረ ሰው በችኮላ የሚያሸንፈው ፊት አልነበረም። ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች።

«አባባ፣ ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት። ይህ ፎቅ ሲጀመር ስንት ወለል ተባለ?»

«አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ላይ ቢቆም ኖሮ እኮ ፀሐይዋ አርፍዳም ቢሆን ትመጣልኝ ነበር። እሱ ግን ወጣ፣ ወጣ፣ ሃያ ገባ። ጉቦ ሰጥቶ ነው አልን። ሌላ ምን ይባላል?»

«ጉቦ አልሰጠም። ገዝቶ ነው።»

«ምኑን ነው የገዛው?»

«ሰማዩን።»

አባ ጥላ መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ አይተዋል፣ መሬት ሲሸጥ አይተዋል፣ ሰው ሕሊናውን ሲሸጥም አይተዋል። ሰማይ ሲሸጥ ግን አልሰሙም።

«ትቀልጃለሽ?»

«አልቀልድም። መሬቱ የሱ ነው። የከተማው ሕግ ግን በዚህ መንገድ ላይ ማንም ቢሆን ከአሥራ ሁለት ወለል በላይ አይወጣም ይላል። ከዚያ በላይ ያለው አየርና ብርሃን የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ከዚያ በላይ ልሥራ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ወለል ለቤት ፈንዱ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ለመንገድ አይውልም፣ ለመኪና አይውልም፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት መሥሪያ ብቻ ነው። የዚህ ፎቅ የላይኞቹ ስምንት ወለሎች የተሠሩት እንደዚያ ተከፍሎባቸው ነው።»

«ስለዚህ» አሉ አባ ጥላ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ «ፀሐዬን ሸጣችሁት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እዚህ ላይ ብዙ የቢሮ ሰው ወሬ ያዞራል። እሷ አላዞረችም። «ማንም አልጠየቀዎትም። ሊጠየቁ ይገባ ነበር። ዛሬ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሳይሰማና ሳይናገር አንድም ወለል አይሸጥም፤ ያኔ ግን እንዲያ አልነበረም። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን አባባ፣ አንዴ ተሸጧል። ከሻጮቹ አንዱ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሻጩ ዋጋውን ካልተቀበለ ማን ይቀበል?»

እሷ ዓይኗን ወደ ቦርሳዎቹ አነሣች።

«እመቤቲቱን ምን አሏት? ‹ቁራጩን እርስዎ አልሰጡም፣ ደንቡ ነው ያስቀረው፤ ልጁ የማንም ባለውለታ አይደለም።› ባለ ፎቁም እንደዚያው ነው። እሱ የሰጠው ነገር የለም። የከተማው ደንብ ነው ያስከፈለው። ያ ልጅ ለእመቤቲቱ አንገቱን ካልደፋ፣ እርስዎ ለባለ ፎቁ ለምን ይደፋሉ?»

በገዛ አፋቸው ተያዙ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ኮራ ብለው የተረኩት ነገር ዞሮ እሳቸውኑ ያዛቸው። ሰው በሌላ ሰው ነገር ብልህ ነው፤ የራሱ ሲሆን ግን ያው ብልሃት ይሰወርበታል። አባ ጥላ ግን ልብስ ሰፊ ናቸውና ስፌት ሳይጎትቱ አያምኑም። ክሩን ይጎትቱት ጀመር።

«ይሁን። ግን የስምንት ወለል ክፍያ ያን የሚያህል ሕንፃ ያቆማል? አትሸውጂኝ።»

«ብቻውን አያቆምም። መሬቱን ያቀረበው ከተማው ነው፤ አልሸጠውም፣ አይሸጠውምም። ትልቁን ገንዘብ ያበደረው ባንክ ነው። ባንክ ደግሞ ኪራዩ መክፈል የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚያበድረው። የሀብታም ቤት ኪራይ ብዙ ነው፣ ብድሩም ብዙ ይሆናል። የናንተ ኪራይ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ብድሩም ያጥራል፤ ሕንፃው መሐል ላይ ይቆማል። በየቦታው ተጀምረው የቀሩ ቤቶችን አይተው ይሆናል። ፈንዱ የሚገባው እዚያ ጋ ነው።»

«ጨርቁ ሲያጥር ቅጣይ እንደሚገባው።»

«ልክ እንደሱ። ምድር ቤቱ ላይ ደግሞ ሱቆች አሉ፣ በገበያ ዋጋ የሚከራዩ፤ የነሱ ኪራይ የላዩን ኪራይ ይደጉማል።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ነገሩ። የኛስ ኪራይ?»

«ከቤተሰቡ ገቢ ሩቡ። ከመካከላችሁ አንዱ ሥራ ቢያጣ ይቀንሳል፣ ደመወዝ ቢጨመርለት በልኩ ከፍ ይላል።»

አባ ጥላ በልባቸው አሰሉ። ለዚያች ላብ ለሚያቸፍፋት ክፍልና ለሱቁ ከገቢያቸው እኩሌታውን ነበር የሚከፍሉት። ግን ያን አልተናገሩም። ነጋዴ ገበያ ላይ ፊቱን አያሳይም።

«ድሃ የቸገረው ዕለት የሚተኛበትን ይሸጣል። እኛ ገብተን ነገ አንዱ ቤቱን ለባለ ገንዘብ ሸጦ ቢሄድስ? ከዓመት በኋላ ሕንፃው የነሱ ይሆናል።»

«መሸጥ አይቻልም። የሚኖርበት ይኖርበታል፣ ለልጁም ያልፋል፣ የለቀቀ ሰው ቤት ግን እንደናንተ ሲጠብቅ ለቆየ ቤተሰብ ነው የሚሰጠው።»

«ፈንዱንስ ማን ይጠብቀዋል? ሥጋ ጠባቂው ጅብ እንዳይሆን።»

«ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው በየዓመቱ በሕንፃዎቹ መግቢያ ላይ ይለጠፋል። ፈንዱን በሚመራው ቦርድ ውስጥ ተከራዮች የመረጧቸው ሰዎች አሉ። ከፈለጉ እርስዎም ይወዳደሩ።»

«እኔ ከገባሁማ እንቅልፍ የላቸውም።»

«ለዚያ ነው የምንፈልግዎት» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርዎት አባባ። የምትከፍሉት ኪራይ የት እንደሚሄድ አልጠየቁኝም። የባንኩን ብድር ይከፍላል፣ ቧንቧና ጣራ ይጠግናል። የሚተርፈው ተመልሶ ፈንዱ ውስጥ ይገባል፣ ለቀጣዩ ሕንፃ። የናንተን ሕንፃ ቅጣይ ካሟሉት ውስጥ ከዚህ በፊት የተሠሩት የሁለት ሕንፃ ሰዎች ኪራይ አለበት። አንዷ ጎዳና የምትጠርግ ሴት ናት። አንዱ ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር ነው። ስማችሁን አያውቁም። የናንተ ቤት መሠረት ላይ ግን እጃቸው አለበት። እርስዎም በየወሩ ሲከፍሉ ለማያውቁት ሰው መሠረት ይጥላሉ።»

አባ ጥላ ይህን አላሰቡትም ነበር። ሲናደዱ የኖሩት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሰው ጀርባ አንዲት ጎዳና ጠራጊ ቆማ እንደምትጠብቃቸው አላወቁም። ስትጠርግ ያዩዋት ይሆናል። ኮቷን ሰፍተውላት ይሆናል።

«ግን ምያለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ የልጅ በሚመስል ድምፅ። «በሰው ፊት።»

«ምን ብለው ማሉ?»

«ያ ሰውዬ በሰጠው ገንዘብ በተሠራ ጣራ ሥር በቁሜ አልገባም ብዬ።»

«እርስዎ ገበያ ላይ ሱሪ ሰፍተው ሲሸጡ፣ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ የማን ነው? የገዢው ነው ወይስ የርስዎ?»

«የኔ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው መሐላዎ አልተነካም። እሱ የሰጠው ገንዘብ የለም። የከፈለው ነው ያለው።»

አባ ጥላ ተነሥተው በሩ ላይ ወጡ። ፎቁን ከሥሩ ጀምረው ወደ ላይ አዩት። አሥራ ሁለተኛውን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን፣ በየጠዋቱ ሲረግሟቸው የኖሩትን፣ አንድ በአንድ አዩአቸው። ያቺ ወለል የማን ቤት ሆና ይሆን? ያቺኛዋስ? አንገታቸውን ቢያማቸውም አላወረዱም። በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ገርሟቸዋል፤ እንዲህ ግን ተገርመው አያውቁም። ሰው ክፉ ብሎ ከያዘው ነገር ውስጥ ለሰው የሚሆን ጣራ መውጣቱ፣ ያም በተአምር ሳይሆን ሰዎች ቁጭ ብለው ደንብ ስላወጡ መሆኑ ልባቸውን ነካው።

ተመልሰው ኮቱን ጨረሱ። ስፌቱ የት እንደነበር አይታወቅም።

«ስንት ነው?» አለች።

«ተይው።»

«አይሆንም። ደንብ ደንብ ነው ብለው እርስዎው አስተምረውኝ!» ከፈለች። እሳቸውም ተቀበሉና ወደ መጋረጃው ዞረው «አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉ።

ቢሮው የነበረው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አባ ጥላ ፈረሙ፤ ፊርማቸው ሰፋ ብሎ ወጣ። ቁልፉን ሲቀበሉ መሐንዲሷ «አሁን አመኑ?» አለቻቸው። «ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝ፤ መጀመሪያ በሩ ይከፈት» አሉ።

አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጡ። ልጅቷ በየእረፍቱ ቆማ ትተነፍሳለች፤ እሳቸው ለሷ ያረፉ እየመሰሉ ለራሳቸውም ያርፋሉ። በሩ ተከፈተ። ሁለት ክፍል ነው፣ ማብሰያውና መታጠቢያው ለብቻ። አባ ጥላ መጀመሪያ የነኩት ግድግዳውን ነው። መዳፋቸውን ለጥፈው ቆዩ። ደረቅ ነው። ሌላኛው ክፍል ሄደው ማዕዘኑን ነኩ። እዚያም ደረቅ ነው።

ከዚያ መስኮቱን አዩና ፊታቸው ወረደ። መስኮቱ የሚያየው ወደ ፎቁ ነው። ያ የመስታወት ፎቅ ከጣራዎቹ ሁሉ በላይ ቆሞ ያያቸዋል።

«እዚህም ተከተለኝ» አሉ።

«ጠዋት ጠዋት አርፍዶ ነው ፀሐይ የምትገባላችሁ» አለች መሐንዲሷ አፍራ። «ሌላው ክፍል ግን...»

«አባባ፣ እዩ» አለች የልጅ ልጃቸው።

ወለሉ ላይ ብርሃን ነበር። ሰፊ፣ ወርቃማ፣ ከመስኮቱ እስከ ግድግዳው የተዘረጋ። ልጅቷ ገብታበት ቆማ እጆቿን ታገላብጣለች። አባ ጥላ አልገባቸውም። ቀኑ መሽቷል፤ ፀሐይ ከጀርባቸው በኩል እየጠለቀች ነው፤ በዚህ መስኮት ልትገባ አትችልም። ቀና ብለው አዩ። የፎቁ ታችኛ ወለሎች በሌሎች ሕንፃዎች ጥላ ተውጠዋል። የላይኞቹ ስምንቱ ግን የምትጠልቀውን ፀሐይ ከፊት ተቀብለው ቦግ ብለዋል። ብርሃኑን ወደዚህ የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

መሐንዲሷም ተጠግታ አየች። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ፕላኑ ላይ የለም። አባ ጥላ ቀስ ብለው ሄደው ከልጅቷ አጠገብ ብርሃኑ ውስጥ ቆሙ። ሙቀቱን በእጃቸው ጀርባ ላይ አወቁት፤ የድሮዋ የጠዋት ፀሐያቸው ያችው ራሷ ናት። አለቀሱ። ሳይደብቁ አለቀሱ።

ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ተዘግቶ ብታገኝ አባቷ የሞቱ መስሏት ሮጠች። ጫማ ሰፊው «ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ መሐላውን ጎረሰው መሰለኝ» አላት። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ገብታ ሁለቱን እዚያ ብርሃን ውስጥ ቆመው ስታይ በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ጠዋት ደህና ዋል አላልሽኝም» አሏት።

«ደህና ዋልክ አባዬ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ራሱ ሳይገምተው አይቀርም፤ ግን መልካም ነገር ቢነገር አይከፋም። የልጅቷ ደረት ሲር ሲር ማለቱን በበጋው ቀነሰ፣ በክረምቱ ተወ። ሐኪሙ «ምን ሰጣችኋት?» ብሎ ሲጠይቅ አባ ጥላ «ግድግዳ» አሉት። ለሽሮፕ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለደብተር ሆነ። ልጃቸው ከኪራይ የተረፋትን እየያዘች የማታ ትምህርት ጀመረች። አባ ጥላም የድሮ ሱቃቸውን አልለቀቁም፤ በየወሩ የአዲሱን ቤት ኪራይ ሲከፍሉ፣ ገንዘቡን ቆጥረው ከሰጡ በኋላ «ይቺ ለማላውቀው ሰው ናት» ሳይሉ አይወጡም። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ግራ ይገባት ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች።

እንዲህ ሲኖሩ ሌላ ባለሀብት በዚያው መንገድ ላይ አሥር ተጨማሪ ወለል ልግዛ ብሎ ጠየቀ። በአዲሱ ደንብ መሠረት የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ጫማ ሰፊው ተነሥቶ «አንድም ወለል አይሸጥም፤ ይኸው አባ ጥላ ይመስክሩ፣ ጥላ ምን እንደሚያደርግ እሳቸው ያውቃሉ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አባ ጥላ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ተነሡ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህም ነው ሁለት ነገር የምጠይቀው። አንደኛ፣ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ጠዋት ፀሐይ እንዲያገኙ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይሠራ። የሰው ልጅ ደረት በገንዘብ አይካስም። ሁለተኛ፣ ስንት ነው የሚከፍለው?»

የተባለውን ዋጋ ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ርካሽ ነው። ይሄ የምንሸጠው ሰማይ ነው፣ ቅዳጅ ጨርቅ አይደለም። ገና ዕጣ ያልደረሳቸው ስንት ልጆች እየሳሉ ነው። በነሱ ቁጥር አስቡና ተመለሱ።»

ዋጋው ተጨመረ፣ ሕንፃውም ፈቀቅ እንዲል ተወሰነ። ያን ዕለት አባ ጥላ ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የልጅ ልጃቸው ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ከመስኮቱ በገባው ብርሃን የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ስትተነፍስ ምንም አይሰማም። ብርሃኗን እንዳይጋርዱባት በዳር አልፈው መስኮቱ ጋ ሄዱና ቀና ብለው ፎቁን አዩት።

«አለህ?» አሉት። «እኛም አለን።»